ያልቈጠርሁት ቍጥር

በታች አርማጭሆ በሳንጃ ልጅ ሳለሁ ባሕረ ሐሳብ የተማርሁት ከአንድ የኔታ ዘንድ ነበር። 19 ዓመት ንኡስ ቀመር፥ እርሱ አራት ጊዜ ሲደጋገም 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፥ ያም ሰባት ጊዜ ሲደጋገም 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር መባሉን እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝሁ። በ532 ዓመት ዕለትም ጨረቃም ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ ተባልሁ፤ አመንሁም።

ኋላ ወደ ደጋው ወጥቼ ጐንደር ስማር፥ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደሚበልጥ፥ ይህም በ532 ዓመት ተጠራቅሞ አንድ ቀን ከ17 ሰዓት እንደሚሆን ከመጽሐፍ አነበብሁ። ለዕረፍት ወደ ቆላ ስወርድ እንደ ድል አድራጊ ሆኜ፥ «የኔታ፥ ያስተማሩኝ ቀመር ሐሰት ነው» አልኋቸው።

እርሳቸውም ሳይቈጡ፥ «አንተ ቈጥረኸዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አልቈጠርሁም። የሚያሳፍረው ደግሞ የፊተኛውንም አለመቍጠሬ ነው። በየኔታ ቃል አመንሁ፥ በመጽሐፍ ቃል ካድሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የተነገረኝን መልሼ ከመናገር በቀር የሠራሁት አልነበረም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሰው ሳይመረምር የያዘውን ነገር ዕውቀቴ ነው ሊል ይገባዋልን? ሁሉን መርምሮ መያዝ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ የሐኪም መድኃኒት የምንውጠው አምነን ነው። ነገር ግን ሌላውን ሐሰተኛ ለማለት የሚነሣ ሰው ከሚያምን ሰው ይልቅ ብዙ ዕዳ ያለበት ይመስለኛል።

በዚያ ሌሊት ኩራዝ አብርቼ ተቀመጥሁ። ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ ሩቡ ሙሉ የሚሆነው በአራት ዓመት፥ በ1,461 ቀን ነው። 532 ዓመት 133 ጊዜ አራት ዓመት ስለሆነ፥ 133ን በ1,461 ባባዛው 194,313 ቀን ወጣ። ለሰባት ባካፍለው ያለ ትራፊ 27,759 ሳምንት ሆነ። ለ19 ባካፍለው 10,227 ሆነ፤ እርሱም የ28 ዓመት ቀን ነው፥ በሳምንት ሲቈጠርም 1,461። የአራት ዓመት የቀን ቍጥር የ28 ዓመት የሳምንት ቍጥር ሆኖ ሲመለስ ባየሁ ጊዜ ብቻዬን ሣቅሁ። ቍጥሩን እስከ ሥሩ ብፈታው 3፥ 7፥ 19ና 487 ቀሩ። 487 አልከፈል አለኝ፤ እስከ 19 ያሉትን ሞከርሁ፥ 23 በ23 ደግሞ 529 ስለሆነ ከዚያ ወዲያ መድከም አላሻኝም።

ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቈጠረው ዘመን ዐቢይ ቀመር 14 ጊዜ ዞሮ 7,448 ዓመት የሞላው በ1948 ዓ.ም. ነው። መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ማክሰኞ ዋለ፤ የቀመር መነሻ የሚባለውም ዕለት ማክሰኞ ነው። አሁን ያለንበት 15ኛው ዙር በ2480 ዓ.ም. ያልቃል።

በማግሥቱ ለየኔታ፥ «በቀንና በሳምንት ቀመሩ እውነት ነው፤ በጨረቃ ግን ያን ያህል ይስታል» አልኋቸው።

«መልካም፤ የጨረቃዋን ወርስ ማን ቈጠረልህ?» አሉኝ።

እርሱን አሁንም ከመጽሐፍ ነበር የተበደርሁት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አዲስ ጨረቃ በምዕራብ ስትታየኝ ቀኑን በደብተር እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ በ29፥ አንዳንድ ጊዜ በ30 ቀን ትመጣለች፤ በክረምት ደግሞ ደመናው ብዙ ወር ያስዘልለኛል።