የተሰረቀን ዕቃ በጨረታ ስለ መግዛት

ጦቢት ዐይኖቹ ከታወሩ በኋላ በቤቱ ውስጥ የፍየል ጠቦት ሲጮኽ ሰማ። ጠቦቱን ለሚስቱ ለሐና የሰጧት፥ ሽመና እየሠራችላቸው ደመወዝ ይከፍሏት የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ከደመወዟ በላይ የተጨመረ ስጦታ ነበረ። ጦቢት ግን የተሰረቀ እንዳይሆን ሠግቶ ለባለቤቱ መልሺ አላት። እርስዋም አዝና ገሠጸችው። ሚስቱን አለማመኑ ያስነቅፈው ይሆናል፤ ጥያቄው ግን የጻድቅ ሰው ጥያቄ ነው።

በዛሬው ገበያ ይህ ጥያቄ እየተረሳ ነው። ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት የጨረታ ገበያ በ1987 ዓ. ም. አሜሪካ ውስጥ ከተከፈተ ወዲህ፥ ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ ዕቃው በሥዕሉ ብቻ ይሸጣል። ብዙ ሰው በቅንነት ይነግድበታል። ነገር ግን ሌባው የሰረቀውን ብስክሌት በሐሰት ስም ያቀርብበታል፤ አታላዩ የሌለውን ዕቃ ሸጦ ይሰወራል፤ ሌላውም በገዛ ዕቃው ላይ በወዳጁ ስም እየተጫረተ ዋጋውን ያንራል። የእነዚህ በደል ግልጽ ስለ ሆነ ማስረዳት አያሻውም። አስቸጋሪው የገዢው ነገር ነው።

ገዢው «እኔ አልሰረቅሁም፤ በግልጽ ተጫርቼ ገዛሁ» ይላል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ላለው ሰው የሚያደላ የቆየ ሕግ ነበረ፤ በታወቀ የገበያ ቦታ፥ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሳትጠልቅ፥ በቅንነት የተገዛ ዕቃ የተሰረቀ ቢሆንም እንኳ ለገዢው ይጸናለት ነበር። ይህም ሕግ ኢቤይ በተከፈተበት በዚያው በ1987 ዓ. ም. ተሻረ።

እኛስ ጨረታ ዕቃን እንደማያነጻ ማን ይነግረናል? በ1860 ዓ. ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ፥ ከቤተ ክርስቲያንና ከዐፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤት የተዘረፉት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በደላንታ ሜዳ ሁለት ቀን በይፋ ተጫረቱ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ከገዢዎቹ አንዱ የብሪታንያ ሙዚየም መልእክተኛ ነበረ። ሥርዓት አልጐደለም፤ የጐደለው የባለቤቱ ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ዕቃው እጅግ በረከሰ ዋጋ ሲቀርብ፥ ሻጩ ከየት አገኘኸው ሲሉት ነገር ሲያዞር፥ የብስክሌቱ ቁጥር ወይም በብራናው ላይ የተጻፈው የደብር ስም ተፍቆ ሲታይ፥ ያን ጊዜ ጠቦቱ እየጮኸ ነው። ሰምቶ ዝም የሚል ገዢ አላወቅሁም ሊል አይችልም፤ አለማወቁን ፈልጎታልና።

ከገዛ በኋላ የሚያውቅስ? እርሱ ራሱ ተበዳይ ስለ ሆነ እናዝንለታለን፤ ምናልባት የወር ደመወዙን ከፍሎበታል። ቢሆንም ካወቀበት ቀን ጀምሮ ዕቃው በእጁ ያለ የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። የከፈለውን ከሻጩ ይጠይቅ፥ በሕግም ይከሰስ፤ የተሰረቀበትን ሰው ግን «ዋጋዬን ካልከፈልኸኝ አልመልስም» ቢለው፥ ሌባው የጀመረውን እርሱ መፈጸሙ ነው።