ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታና ስለ ጊዜ አደራ

ሌሊትንና ቀንን ላፈራረቀ፥ ለሰው ልጅም አእምሮን ለሰጠ ለአላህ ምስጋና ይገባው። የአላህ ሰላምና እዝነት በነቢዩ ሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የአላህ ባሮች ሆይ! ዛሬ ቀላል ስለሚመስል ነገር እነግራችኋለሁ፤ ነገር ግን ትንሽ ቀዳዳ የዘይቱን ማሰሮ ባዶ እንደምታስቀር ዕወቁ።

ሰንጠረዥ ከህንድ ወደ ፋርስ፥ ከፋርስም ወደ ዐረቦች የደረሰ ጥንታዊ ጨዋታ ነው፤ ዐረቦችም ሸጥረንጅ አሉት። በዐባሲዮች ዘመን አል-ዐድሊና አስ-ሱሊ ስለ እርሱ መጻሕፍት ጽፈዋል። ዑለማዎች ግን በፍርዱ ተለያዩ። ብዙዎቹ ከለከሉት፤ ኢማም አሽ-ሻፊዒይ ግን የተጠላ ነው አሉ እንጂ እርም አላደረጉትም። ገንዘብ የተያዘበት እንደሆነ ቁማር መሆኑን፥ ከሶላትም ካዘናጋ ኃጢአት መሆኑን ሁሉም ተስማምተውበታል።

በዘመናችን ሰሌዳው ወደ ስልክ ገብቷል። በካይሮ ያለ ሰው በጃካርታ ካለው ጋር በጥቂት ደቂቃ ይጋጠማል፤ ሰው ቢታጣም ኮምፒዩተር ይገኛል። በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን በኒው ዮርክ አሸነፈው፤ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ፕሮግራም ከዚያ ይበረታል።

ቀድሞ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰሌዳ ሲቀመጡ፥ አዛን በተሰማ ጊዜ አንዱ ሌላውን «ተነሥ» ይለው ነበር። ኮምፒዩተር ግን አይደክምም፤ አዛን አይሰማም፤ ቤተ ሰብ አይጠብቀውም። የሩቁም ተጋጣሚ የሶላቱ ሰዓት ከእኛ የተለየ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ከሩቅ አይቼ አይደለም። አንድ ሌሊት ከዒሻ በኋላ «አንዲት ጨዋታ ብቻ» ብዬ ጀመርሁ። ተሸነፍሁ፤ ያጣሁትን ነጥብ ላስመልስ ብዬ ደገምሁ። ባሸነፍሁም ጊዜ ልጨምር አልሁ። ወደ ንጋት እንቅልፍ ጣለኝና የሱብሒ ሶላት አመለጠችኝ። ጠዋት ትንሹ ልጄ መጥቶ «አባባ፥ ዛሬ ለሶላት ለምን አልቀሰቀሱኝም?» አለኝ። የምመልስለት ቃል አጣሁ። ሌሊቱን የሰበሰብሁት ነጥብ በዚያች ሰዓት ምንም አልጠቀመኝም።

ነጋዴዎች ሆይ! ከሰው ጋር እየተጋጠሙ በስውር ኮምፒዩተርን የሚያማክሩም አሉ። ተጋጣሚው በገዛ አእምሮው ሲደክም፥ እነርሱ የተዋሱትን ጥበብ የራሳቸው አስመስለው ያቀርባሉ። ይህ ሚዛኑን በጣቱ ተጭኖ እንደሚሸጥ ሰው ነው። ቁርኣን በስፍርና በሚዛን የሚያጎድሉትን አስጠንቅቋል። «ገንዘብ አልወሰድሁም» ማለት አያድንም፤ በጨዋታ ማታለልን የለመደች እጅ ነገ በሱቅ ውስጥ አትታመንምና።

እንግዲህ የተወው ሰው ለሃይማኖቱ ተጠንቅቋል። የፈቀዱትን ዑለማዎች ቃል ይዞ የሚጫወት ግን ገንዘብ አያስይዝ፤ ሳይጀምር የጨዋታውን ቁጥር ይወስን፤ ሶላት ሳይደርስ ስልኩን ይዝጋ፤ ሲሸነፍ አይሳደብ፤ የሚስቱንና የልጆቹንም ሰዓት አይንጠቅ።

ማታ ሱቃችሁን ስትዘጉ የቀኑን ገቢና ወጪ ትመረምራላችሁ። የሰዓታችሁንም ሒሳብ እንዲሁ መርምሩ፤ የጠፋ ገንዘብ ምናልባት ይመለሳል፥ ያለፈ ሰዓት ግን አይመለስም።

ጌታችን ሆይ! ያባከንነውን ዕድሜ ማረን፤ በቀረውም ባርክልን፤ ልጆቻችንን ሶላታቸውን ከሚጠብቁት አድርግልን። አሚን።