ፍል ውሃ፣ ጠበልና ፈዋሹ

ፍል ውሃ የሚባለው ወደ ምድር ጥልቀት የሰረገ የዝናብ ውሃ በትኩስ ዓለት ሞቆና ማዕድን ይዞ ሲመለስ ነው። ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ይታከምበት ነበር። ሮማውያን ዛሬ ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ፍል ውሃው ከፈለቀበት ላይ መታጠቢያውንና የሱሊስ ሚነርቫን ቤተ መቅደስ ጎን ለጎን ሠርተዋል። በደቡብ ጎንደር ዋንዛዬ ፍል ውሃ እስከ ዛሬ ቁርጥማትና የቆዳ ሕመም ያለባቸውን ይስባል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ በሚታጠቡበት ፍል ውሃ አጠገብ ነው።

ለመሆኑ የሚፈውሰው ማን ነው? ውሃው ወይስ ፈጣሪ?

ሕክምና የውሃውን ሥራ ያስረዳል። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፤ ውሃው ገላን ስለሚያነሳ በመገጣጠሚያ ላይ ያለው ሸክም ይቀንሳል። ሕመም ይታገሳል እንጂ በሽታው ሁሉ አይነቀልም።

በእምነት የሚታከሙበት ውሃ ግን ከዚህ ይለያል። ክርስቲያኑ የሚጠመቅበት ጠበል፣ ሙስሊሙ ለሺፋ የሚጠጣው ዘምዘም ፈዋሽነታቸው በሙቀት አይለካም። ለምጻሙ ንዕማን የዳነበት ዮርዳኖስም ከሌላው ወንዝ የተለየ ማዕድን እንዳለው መጽሐፍ ቅዱስ አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ መታዘዙ ነው። ምእመኑ ተስፋውን የሚጥለው በውሃው ባሕርይ ላይ ሳይሆን በባረከው ላይ ነው።

ስለዚህ «በምን ዳነ?» እና «ማን አዳነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የአንዱ መልስ የሌላውን አይሽርም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪሙም ከምድር የሚወጣው መድኃኒትም የእግዚአብሔር ሥራ መሆናቸውን ያስተምራል። ነቢዩ ሙሐመድም አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን ነግረው ሰዎች እንዲታከሙ አዘዋል። በሁለቱም እምነት ሰበቡን ማድረስ የሰው ድርሻ ነው፤ ሽረቱ የፈጣሪ።

ይህ ልዩነት ሕይወት ያድናል። የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበል ስለጀመሩ መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። መድኃኒት መተው የእምነት ጽናት ምልክት አይደለም፤ ከፈጣሪ እጅ የመጣን ስጦታ መመለስ ነው።