የሠራ ሰው ምን ያህል ያውቃል?

አንድ ሰው ነገሩን ሠርቶ ካሳየ ዐወቀው ይባላል? ጥያቄው የቆየ ነው። ክላውድ ኮምፒውቲንግ የሚማሩ ጀማሪዎች ግን ዛሬ በአዲስ መልክ ገጥሟቸዋል። በዚህ ሙያ ተማሪው ሰርቨሩን በዓይኑ ሳያይ፣ ሽቦ ሳይነካ፣ በሌላ አገር በተቀመጡ ማሽኖች ላይ ሥራውን ሠርቶ ለዓለም ያደርሳል። ሠራሁት ሲል እውነቱን ነው። ዐወቅሁት ሲልስ?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ ኮሮና ብዙ ሰው ከሥራ ባፈናቀለበት ሰሞን፣ ፎረስት ብራዚል የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ «ክላውድ ሬዙሜ ቻሌንጅ» የተሰኘ መልመጃ አወጣ። ተማሪው ሲቪውን ድረ ገጽ አድርጎ ኤስ3 በተባለው የአማዞን የፋይል ማስቀመጫ ላይ ያስቀምጣል፤ በገጹ ላይም የጎብኚዎችን ቁጥር የምታሳይ መቁጠሪያ ያክላል። ቁጥሩ ዳይናሞዲቢ በተባለ የመረጃ ቋት ይቀመጣል፤ በፓይተን የተጻፈ አጭር ኮድ ደግሞ ላምዳ በተባለው የአማዞን ኮድ ማስኬጃ ላይ ሆኖ ቁጥሩን ያድሳል። ብራዚል ምን መሠራት እንዳለበት ይናገራል እንጂ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ አያሳይም። መልመጃውን ጨርሰው የክላውድ ሥራ ካገኙት መካከል ቀድሞ የቧንቧ ሠራተኛ የነበረ ሰው አለበት።

ትንሿ መቁጠሪያ ብዙ ታስተምራለች። ሥራዋ ሲታይ ቀላል ነው፦ ቁጥሩን አንብብ፣ 1 ጨምር፣ መልሰህ ጻፍ። ጀማሪው ኮዱን በአማዞን የሙከራ ገጽ ላይ ሲያስኬደው ይሠራል፤ ከራሱ ድረ ገጽ ሲጠራው ግን ቁጥሩ አይመጣም። ብራውዘሩ ከሌላ አድራሻ የመጣን መልስ፣ ያ አድራሻ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር ለገጹ አያስረክብም። ፈቃዱም ከመልሱ ጋር በምትላክ አንዲት መስመር ይገለጻል። ያቺ መስመር እስክትገኝ ድረስ ስንቱ ጀማሪ ደህናውን ኮድ ሲያፈርስና ሲሠራ ያመሻል።

መቁጠሪያዋ መሥራት ከጀመረች በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ገጹን ቢከፍቱ ሁለቱም ጥሪዎች 41ን ያነባሉ፤ ሁለቱም 42 ብለው ይጽፋሉ። አንድ ጎብኚ ሳይቆጠር ቀረ ማለት ነው። መፍትሔው ማንበብና መጻፉን ለየብቻ ከማድረግ ይልቅ ዳይናሞዲቢ ራሱ፣ ባለበት ቁጥር ላይ 1 እንዲጨምር ማዘዝ ነው። ተማሪው ይህን ቀድሞ አንብቦት፣ ፈተናም መልሶበት ይሆናል። ቁጥሩ ሲጎድል ያየ ጊዜ ግን ያነበበው ነገር ለምን እንደተጻፈ ይገባዋል።

አንብቦ በማወቅና ሠርቶ በማወቅ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ፈላስፎችንም አነጋግሯል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጊልበርት ራይል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩ እንዲህ መሆኑን ማወቅንና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅን ለያይቶ አስረድቷል። ከእሱ በፊት አርስቶትል ግንበኛ የሚኮነው በመገንባት መሆኑን አስተምሯል። አጥብቆ የሄደው ግን ጣሊያናዊው ጃምባቲስታ ቪኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1710 ባወጣው ሥራው ሰው በእርግጥ የሚያውቀው ራሱ የሠራውን ነው ብሎ ተከራከረ። በእሱ አስተሳሰብ ተፈጥሮን በምልዓት የሚያውቃት የፈጠራት እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ሰው ሒሳብን የሚያውቀው ሠሪው እሱ ስለሆነ ነው።

የቅኔ ቤትም ሥርዓት ወደዚሁ ያዘነብላል። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ቢይዝ ባለቅኔ አይባልም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በቅኔ ቤት ግን ጠያቂ አለ። ተማሪው ቃሉን ለምን እንደመረጠ፣ ምሥጢሩ የት እንዳለ ይጠየቃል። ክላውድ ላይ ማሽኑ ይህን አይጠይቅም፤ ትእዛዙ ትክክል ከሆነ ከራስም ይምጣ ከሌላ ሰው ይገልበጥ ይፈጽመዋል።

የቪኮ ሐሳብ የሚጎድለውም እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ጀማሪው መቁጠሪያዋን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍ ይችላል፤ ገጹም ይሠራል። ሠሪው እሱ ነው ቢባል እንኳ ቁጥሩ የጎደለ ዕለት ምክንያቱን መናገር አይችልም። ፕላቶን «ጎርጊያስ» በተባለው ምልልሱ እውነተኛ ሙያንና በልምድ ብቻ የሚገኝ ቅልጥፍናን የለየበት ሚዛን ይህ ነበር፦ ባለሙያ ለሚሠራው ሥራ ምክንያት መስጠት ይችላል። ስለዚህ መሥራት ለዕውቀት መግቢያ ነው፤ ዕውቀት የሚባለው ግን ሠሪው ስለ ሥራው ሲጠየቅ መልስ መስጠት የቻለ እንደሆነ ነው።

ለዚህም የራስን ድርሻ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አማዞን ከደንበኞቹ ጋር የሚሠራበት የጋራ ኃላፊነት ደንብ አለ። የሕንፃውና የማሽኖቹ ደኅንነት የኩባንያው ነው፤ ማን ምን እንዲያይ እንደተፈቀደለት የሚወስነው ደግሞ ደንበኛው ነው። ብዙ ጀማሪዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡት በሰሜን ቨርጂኒያ ባሉት የአማዞን ማዕከላት ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የእነዚሁ ማዕከላት የኤስ3 አገልግሎት ተቋረጠ። አንድ ሠራተኛ ጥቂት ሰርቨሮችን ለማንሣት የሰጠው ትእዛዝ በስሕተት በመጻፉ ከታሰበው በላይ ብዙዎቹ ተነሡ። አማዞን የአገልግሎቱን ሁኔታ የሚገልጽበት ገጽ ራሱ በኤስ3 ላይ የተመረኮዘ ስለነበር ችግሩን ለማሳወቅ እንኳ ተቸግሮ ነበር። ባለሙያዎቹ የገዛ ሥራቸው ምን በምን ላይ እንደቆመ በሙሉ አላዩትም ነበር። በኋላ ግን ምን እንደደረሰ፣ ለምን እንደደረሰና መሣሪያው እንዴት እንደተስተካከለ ዘርዝረው ለሕዝብ አስረዱ። ከጀማሪውም የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጀምራለች፤ የጨረሰ ሰው ሰርተፊኬት ያገኛል። ለብዙ ወጣት በር የከፈተ ጅምር ነው። በየትኛውም ሥልጠና ግን ከሰርተፊኬቱ በፊት አንድ ነገር ቢጨመር ይበጃል። ተማሪው ሠርቶ ያስረከበውን ፕሮጀክት አሠልጣኙ ሆን ብሎ ይንካበት፤ ለምሳሌ ኮዱ በመረጃ ቋቱ ላይ እንዲጽፍ የተሰጠውን ፈቃድ ያንሣ። ተማሪው የኮዱን የሥራ መዝገብ (ሎጉን) ከፍቶ የጎደለውን ይፈልግ፤ ሲያገኘውም ያ ፈቃድ ለምን እንዳስፈለገና ከዚያ የሰፋ ፈቃድ ቢሰጥ ምን አደጋ እንደሚያመጣ ለጓደኞቹ ያስረዳ። ይህ ለአሠልጣኙ የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፤ አዲስ መሣሪያም አያስገዛም።