የኳስ ተጫዋቹ ደመወዝና የሰሊጥ አጫጁ ነዶ

በገዳሪፍ ቡና ቤቶች የውጭ አገር የእግር ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን በሚታይበት ምሽት አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ዝነኛው አጥቂ ባዶ ጎል ስቶ ኳሷን ወደ ተመልካች ሲሰዳት ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ይሰማል፤ «ይኸም ደመወዝ ይበላል!» ሳቁ ካለፈ በኋላ ነገሩ ወደ ቁም ነገር ይዞራል። ጎል ያላገባ አጥቂ፣ ሦስት ጎል የተቆጠረበት በረኛ፣ ተጎድቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ የከረመ አማካይ በወሩ መጨረሻ ገንዘቡን ሳይጎድልበት ለምን ይቀበላል? ለሠራው ቢከፈለው፣ ላልሠራው ቢቀርበት ፍርዱ የቀና አይሆንምን?

ላይ ላዩን ሲታይ ጥያቄው ምቀኝነት ይመስላል። ጠያቂው ማን እንደሆነ ልብ ላለ ሰው ግን ክብደቱ ሌላ ነው። በዚህ የድንበር አገር ከሚኖሩት አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል ራሱ ወይም አባቱ፣ ወይም አንድ የሥጋ ዘመዱ በመተማና በገላባት በኩል ተሻግሮ ለአረም ወይም ለአጨዳ ያልመጣ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በውጤት መከፈል ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማረውም። በወገቡ ያውቀዋል። እርሱ ባሰረው ነዶ ቁጥር ሲከፈለው ኖሮ ሳለ፣ በቴሌቪዥን የሚያየው ወጣት ጎል ቢያገባም ባያገባም የሚከፈለው ለምን እንደሆነ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ መመርመር ያለበት በመጀመሪያ የእርሱ እርሻ ነው። በገዳሪፍ ዙሪያ በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ፣ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ቀለብ ማሽላ በፈለጉበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሺህ ፈዳን የአንድ ባለእርሻ የተለመደ ይዞታ ሆነ። ትራክተሩ ያርሳል፣ ይዘራል፤ ሰሊጡን ግን የሚያጭደው የሰው እጅ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ፀባየ ክፉ ሰብል ነው። ደርሶ ጥቂት ቀን ከቆየ ፍሬው ከቆባው እየተፈለቀቀ መሬት ላይ ይረግፋል። በመሆኑም ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ ባሉት ጥቂት ሳምንታት የአገሩ እርሻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰው ይጣራል። አጫጁ ያጭዳል፣ ነዶ ያስራል፣ ነዶውንም አቁሞ በሑመራና በመተማ ሂላ የሚሉትን ክምር ይሠራል። ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል።

በቁርጥ ለሚሠራ ሰው ሒሳቡ የተቈጠረው ነው። ይህ ሥርዓት ውበት የለውም ማለት አይቻልም። ብርቱው ወጣት ከደካማው እጥፍ ይዞ ይመለሳል፤ ማንም «ፍጠን» ብሎ አይጮህበትም፤ ሲያሻው ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ይላል። በቀን ዋጋ ቢሆን ኖሮ ሰነፉና ጎበዙ እኩል ይበሉ ነበር። ብዙ ወጣቶች ቁርጡን የሚመርጡት ተታለው ሳይሆን በክንዳቸው ስለሚተማመኑ ነው። ይህን ምርጫቸውን መናቅ ተገቢ አይደለም።

ሆኖም ቁጥሩ የማያየው ብዙ አለ። ዝናቡ ባጠረበት ማሳ ሰሊጡ የሳሳ ነው፤ አንድ ነዶ ለመሙላት በጥቅጥቁ ማሳ ላይ ከሚኬደው እጥፍ መሄድ ያስፈልጋል። ክንዱ ያው ክንድ ነው፤ የጎደለው ዝናብ ነው። ነዶው ቀጠነ ወፈረ የሚለው ክርክርም አለ፤ ሲቈጠር የመጨረሻው ቃል የባለእርሻው ወኪል እንጂ የአጫጁ አይደለም። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ባለእርሻው ራሱ የሚያጣው ነው። በችኮላ የተመታ፣ በችኮላ የተወረወረ የሰሊጥ አገዳ ፍሬውን እዚያው ያፈስሰዋል። ለቁጥር የከፈለ ሰው ቁጥር ይገዛል፤ ያሰበው ግን ሰሊጥ ሊገዛ ነበር።

አሁን ከማሳው ወደ ስፖርቱ መመለስ ይቻላል፤ እዚያም ያለው ችግር ይኸው ነውና። በነዶ ቁጥር እንደሚከፈለው አጫጅ በውጤቱ ብቻ የሚኖር ስፖርተኛ ቢፈለግ የረጅም ርቀት ሯጭ ይገኛል። ሰዓቱ አይዋሽም፣ ወኪል አያስፈልገውም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በፈረንጆች ጥር 2008 ዱባይ ላይ ማራቶን ሲሮጥ ለአንደኛ የተመደበው 250,000 ዶላር ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን ለሚሰብር ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዶላር ተዘጋጅቶ ነበር። ኃይሌ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብቶ አሸነፈ። ክብረ ወሰኑ ራሱ ከጥቂት ወራት በፊት በርሊን ላይ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነበር። ሚሊዮኑ በ27 ሰከንድ ቀረ። በዚያው ዓመት መስከረም ደግሞ በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሮጠ። ሰውየው ያው ሰው ነው፤ ትጋቱም ያው ትጋት። በዱባይ ሰነፈ፣ በበርሊን ጎበዘ የሚል ቢኖር ስለ ሩጫ የሚያውቀው ነገር የለም።

ለኃይሌ ግን ማንም አላዘነለትም፤ ሊያዝንለትም አይገባም። ሩብ ሚሊዮን ዶላር ይዞ የተመለሰ፣ ቤትና ንግድ ያለው ሰው የ27 ሰከንዱን ኪሳራ ተሸክሞ እንቅልፉን ይተኛል። ነገሩ የሚከፋው ከእርሱ ኋላ ለሚሮጠው፣ ስሙ ለማይታወቀው ወጣት ነው። እርሱ በውድድሩ ማግስት እጁ ላይ ያለው ምንም ሊሆን ይችላል። እንደ መከላከያና ንግድ ባንክ ያሉ ክለቦች የሚሰጡት ወርኃዊ ደመወዝ፣ ከዱባይ ሽልማት ጋር ሲነጻጸር የቡና መጠጫ ቢመስልም፣ እንዲህ ያለውን ልጅ በልምምድ ላይ የሚያቆየው እርሱ ነው።

የቀድሞዎቹ ጀግኖችም ያለዚህ አይታሰቡም። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ እንጀራው የተቈረጠው ከሜዳሊያው አልነበረም። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ በእግሩ ሕመም ምክንያት አቋረጠ፤ ውድድሩን ማሞ ወልዴ አሸነፈ። በነዶ ቁጥር ቢሆን የዚያ ቀን ሒሳቡ ባዶ ነው። በዓመቱ መኪናው ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ በሆነ ጊዜም ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተልኮ ታከመ፤ በ1973 እስኪሞትም ሻምበል አበበ ነበር። አንድ አገር ከአንድ ሰው ጋር ያላት ውል በመጨረሻው መስመር ላይ በቆመ ሰዓት ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

ወደ እግር ኳስ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ሯጭ ብቻውን ነው፤ ጎል ግን የአሥራ አንድ ሰው ሥራ ነው። አጥቂው በጎል ብዛት ቢከፈለው፣ ነጻ ቆሞ ለሚጠብቅ ጓደኛው ኳስ ማቀበል ከኪሱ አውጥቶ መስጠት ይሆንበታል። ተከላካዩስ በምን ይለካ? ጥሩ ተከላካይ በሚገባ የሚሠራ ከሆነ ከሥራው የሚታይ ነገር የለም፤ ያልተቈጠረ ጎል ማንም አይቆጥርለትም። በማራቶን ውስጥ እንኳ አሯሯጭ የሚባል አለ፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሌሎችን እየመራ ሮጦ ይወጣል፤ የተቀጠረውም ለማሸነፍ አይደለም። ውጤት የሚለው ቃል ቀላል የሚመስለው በሩቅ ሲያዩት ነው።

የክሪኬት ጨዋታ ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ ነው፤ ከሕንድ የመጣ አንድ ውሳኔ ግን ለጉዳዩ ብርሃን ይሰጣል። ረጅሙ የክሪኬት ውድድር እስከ አምስት ቀን ይፈጃል፤ ጎበዙ መቺም በመጀመሪያዋ ኳስ ተሸንፎ ሊወጣ ይችላል። የሕንድ የክሪኬት ቦርድ በመጋቢት 2024 ከመደበኛው የ1.5 ሚሊዮን ሩፒ የጨዋታ ክፍያ በላይ፣ በዓመቱ ከሚደረጉት ረጃጅም ጨዋታዎች ከሦስት አራተኛ በላይ በሆኑት ለሚሰለፍ ተጫዋች በየጨዋታው 4.5 ሚሊዮን ሩፒ እንዲጨመር ወሰነ። ጭማሪው ለተመዘገበ ነጥብ አይደለም። የአጭሩ ጨዋታ ገንዘብ ወጣቶቹን እየሳበ ስላስቸገረ፣ የከፈለው ለመገኘትና ለመጽናት ነው።

እዚህ ላይ የቡና ቤቱ ተከራካሪ ዝም አይልም፤ ሊልም አይገባውም። መጽናት መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል? በኢትዮጵያ አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ ውሃ ካጣ ቀበሌ የተሰበሰበ ግብርም ከዚያ ውስጥ አለ። በ2019 የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተስማምተው የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ያበጁት ይኸው ወጪ አስጨንቋቸው ነበር። ጣሪያው ግን ጥያቄውን አልመለሰም፤ የሚከፈለውን መጠን ነካ እንጂ የሚከፈልበትን ምክንያት አልነካም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ዊልት ቻምበርሌይንን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ተመልካች ሁሉ እርሱን ለማየት ሲል ወዶ ሃያ አምስት ሳንቲም ቢሰጠው፣ እርሱም ባለጸጋ ቢሆን፣ ማን ተበደለ? ይላል ሐሳቡ በአጭሩ። ክርክሩ የቆመው ወዶ በሚለው ቃል ላይ ነው። ተመልካቹ ሳንቲሙን ላለመስጠት ቤቱ መቀመጥ ይችላል። የመንገድ ገንዘብ ተበድሮ ከጎንደር ገጠር መተማ የደረሰ ሰው ግን ዋጋው አልተስማማኝም ብሎ ወዴት ይመለሳል? የእርሱ «እሺ» እና የተመልካቹ «እሺ» በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ከኖዚክ አስቀድሞ ይህ ክርክር በወንጌል ተነሥቷል። ከማለዳ ጀምሮ በወይን ቦታ የደከሙት፣ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡት እኩል ሲከፈላቸው አይተው ያጉረመርማሉ። ምሳሌው ስለ መንግሥተ ሰማያት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ቀን ሥራ ፈልጎ ገበያ የቆመ ሰው ግን ሌላም ነገር ያይበታል። የኋለኞቹ እስከ ምሽት የቆሙት ሰንፈው አልነበረም፤ የቀጠራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ሆዳቸው ግን እንደ ፊተኞቹ ሆድ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ውሏል።

ሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የሱዳን ሊግ ቆመ። ሂላልና መሪክ አገራቸውን ለቀው በ2024 እና 2025 የውድድር ዘመን በሞሪታንያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ። ገዳሪፍም በስደት የመጣውን ሕዝብ ተቀብላ ነበርና ወሬው እዚህ ባዕድ አልነበረም። ሊግ በሌለበት ወር ጎል አልገባም፣ ግጥሚያ አልተደረገም። በዚያ ወር ለተጫዋቹ አይከፈለው የሚል ሰው በቡና ቤቱ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስልም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለማ! ይህ መልስ ከተሰጠ ግን ዝናብ ስላጠረበት ማሳና ወባ ስለያዘው አጫጅ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ለምን ይለያል?

እንግዲህ ተከራካሪው በደሉን በትክክል አይቷል፤ መድኃኒቱን ግን ገልብጦ ይዟል። ተጫዋቹ እንደ አጫጁ ይከፈለው ይላል። ሚሊዮን የተከማቸለት ኮከብ ከደመወዙ ገሚሱ በጎልና በዋንጫ ላይ ቢንጠለጠል አይጎዳም፤ እንደ ኃይሌ ሁሉ ዕድል ብትከዳው የሚሸከምበት ትከሻ አለው። ዓለም ግን ለእርሱ የብዙ ዓመት ውል ፈርማ፣ ሕክምናውን ችላ፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ትከፍለዋለች። የዝናቡን፣ የሕመሙን፣ የቆጣሪውን ስሕተት ኪሳራ ሁሉ የሚሸከመው አንድ ፌስታል ልብስ ይዞ የተሻገረው ነው። የሺህ ፈዳን ባለቤት ግን ከዚህ ኪሳራ የተወሰነውን ቢሸከም አይወድቅም። አጫጁ በየቀኑ የማይጎድል መነሻ ዋጋ ከነቀለቡ ቢኖረው፣ ከዚያ በላይ ያሰረው ነዶ ደግሞ ትርፉ ቢሆን፣ ብርቱው ብርታቱን አይነጠቅም፤ የታመመውም በባዶ እጁ አይቀርም። ይህ ባለእርሻውን ያስወድድበታል ቢባል እውነት ነው፤ ያስወድድበታል።

ይኸው አጫጅ በአገሩ ሳለ ደቦ ወጥቶ ያውቃል። በደቦ ነዶ የሚቈጥር የለም። ባለቤቱ ጠላውንና እንጀራውን ያቀርባል፤ ባለቤቱ ታሞ ቢተኛ እንኳ ማሳው ይታጨዳል። ድንበሩን ሲሻገር ያጨዳ ጉልበቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያሠራው ሰው ስለ እርሱ የሚያውቀው ነገር ነው።

በዚህ በጥቁሩ መሬት ስንጥቅና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር፣ ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከተነደፉ ከወራት በኋላ ነው። ትኩሳቱ ሲነሣ፣ ጣፊያው ሲያብጥ፣ ሰውነቱ ሲመነምን አጨዳው አልቋል፤ ነዶው ተራግፎ ሰሊጡ በገዳሪፍ ገበያ ተሽጧል። ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ ሒሳቡም ተዘግቶ፣ የተቀበለው ገንዘብ ለበግና ለልጅ ልብስ ውሏል።