ተቆርጦ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ

ምንባብ፦ ኢዮብ 14፥7-9፤ ዮሐንስ 15፥1-8



ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ጊዜ የሰውን ዕድል ከዛፍ ዕድል ጋር አነጻጽሮ ነበር። ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ተስፋ እንደማይቆረጥበት፣ ያረጀና የደረቀ የመሰለው ጉቶ ውኃ በቀረበው ጊዜ እንደ አዲስ ተክል ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ይናገራል፤ ለሰው ግን ይህን ያህል ተስፋ ባለማየቱ ያዝናል። ይህን ምንባብ ብዙ ጊዜ የምንሰማው በሐዘን ቤት ነው። ኢዮብ ስለ ዛፉ የተናገረው ነገር እንዴት ያለ እውነት እንደሆነ እናስተውል ዘንድ፣ በእንግሊዝ አገር ስለሚገኝ አንድ ጥንታዊ ደን ጥቂት ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ደኑ ብራድፊልድ ይባላል። የሚገኘውም በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰፎክ ግዛት፣ በሪ ሴንት ኤድመንድስ ከምትባለው ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ869 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በዴንማርክ ወራሪዎች እጅ ከተገደለው ከሰማዕቱ ንጉሥ ከቅዱስ ኤድመንድ ነው። ሰማዕቱ ክርስቶስን አልክድም በማለቱ ከዛፍ ላይ ታስሮ በቀስት እንደተነደፈ ትውፊት ይነግረናል። በስሙ የተመሠረተው የቅዱስ ቤነዲክቶስ ማኅበር ገዳም በመካከለኛው ዘመን ከእንግሊዝ ታላላቅ ገዳማት አንዱ ነበር። ብራድፊልድም የዚህ ገዳም ንብረት ነበር። ደኑ እ.ኤ.አ. ከ1252 ጀምሮ ሳይቋረጥ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ሲቆረጥና ሲያቆጠቁጥ እንደኖረ ይታወቃል።

በዚያ አገር በነበርሁበት ጊዜ በጸደይ ወራት ይህን ደን የመጎብኘት ዕድል አግኝቻለሁ። በዙሪያው የታረሰ ሜዳ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጥላውም ቀዝቃዛ ነው። ጥቂት እንደ ተራመድሁ ድንገት ሰማይ የተከፈተበት ስፍራ ደረስሁ። ባለፈው ክረምት የተቆረጠ ክፍል ነበር። በምድሩ ላይ የቀረው ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ጉቶ፣ ተለይቶ የተከመረ እንጨትና እዚህም እዚያም ሳይነካ የተተወ ረጅም የኦክ ዛፍ ብቻ ነው። ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ቢያየው “ይህን ደን ማን ጨፈጨፈው?” ብሎ ያዝን ነበር። ከዚያ አልፎ ያለው ከሁለት ዓመት በፊት የተቆረጠው ክፍል ግን በአበባ ተሸፍኖ ነበር። ብርሃን አጥተው በጥላ ሥር ለዓመታት የቆዩት እነዚያ አበቦች፣ ከላይ ያለው ሲቆረጥላቸው ፀሐይን አገኙ። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ደግሞ ወፎች የሚጎጆበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሆኗል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ደኑ በክፍል በክፍል ይለያል። በየክረምቱ፣ ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት ጊዜ፣ አንዱ ክፍል ብቻ ከመሬት ትንሽ ከፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ሥሩ ስለማይነካ በጸደይ ከአንዱ ጉቶ ብዙ ቀንበጦች ይወጣሉ። እነዚህም ለሃያ፣ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ካደጉ በኋላ እንደገና ይቆረጣሉ። ከዚህ የሚገኘው እንጨት ለማገዶ፣ ለአጥርና ለእርሻ መሣሪያ እጀታ ሲያገለግል ኖሯል። ባሕር ዛፍ ቆርጦ የሚሸጥ የአገራችን ገበሬ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን ልጆቹን ለማሳደግና ዕዳውን ለመክፈል ሲጠብቀው ኖሯልና።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የዕድሜው ነገር ነው። እንግሊዞች አሽ የሚሉት ዛፍ ሳይቆረጥ ካደገ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ ዓመት ኖሮ ያረጃል። በብራድፊልድ ግን በየጊዜው ሲቆረጥ የኖረ አንድ የአሽ ጉቶ አለ፤ ባለሙያዎች ዕድሜውን ወደ ሺህ ዓመት ይገምቱታል። እንዲህ ያለው አሮጌ ጉቶ መካከሉ እየተቦረቦረ ሲሄድ ጠርዙ እየሰፋ ቀንበጥ ይሰጣል። ዛፉን ያስረጀው መቆረጡ ሳይሆን ዕድሜውን ያራዘመለት መቆረጡ ነው።

ጌታችን በወይን ግንድ ምሳሌው አብ ፍሬ የሚሰጠውን ቅርንጫፍ ይበልጥ እንዲያፈራ እንደሚያጠራው አስተምሮናል። ይህን ትምህርት ስንሰማ ብዙዎቻችን እንፈራለን፤ መፍራታችንም ሰብአዊ ነው። ሥራውን ያጣ፣ ሕመም ያንበረከከው፣ የሚወደውን የቀበረ ሰው ራሱን እንደዚያ ባዶ ስፍራ ያየዋል። ሆኖም ሥሩ በእግዚአብሔር እስካለ ድረስ ጉቶው ሙት አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስም ተስፋ የተደረገው መሢሕ ከተቆረጠው የእሴይ ቤት ጉቶ እንደሚያቆጠቁጥ አስቀድሞ አይቷል። በመስቀል ላይ የተቆረጠው በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል። ኢዮብ ለሰው ያላየው ተስፋ በእርሱ ተገልጦልናል።

ነገር ግን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ ነገር ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የብራድፊልድ ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከደኑ ሰፊ ክፍል በመኪና ኃይል ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ እርሻ ተለወጠ። በዚያ ክፍል ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆጠቁጥ የነበረው ጉቶ ዳግመኛ አላቆጠቆጠም። የቀረው የተረፈው የአካባቢው ሰዎችና የተፈጥሮ ወዳጆች ስለ ተሟገቱለት ነው፤ ዛሬም የሰፎክ የዱር ሕይወት ጥበቃ ማኅበር ይንከባከበዋል። እንግዲህ መቆረጥና መነቀል አንድ አይደሉም። ቆራጩ ዛፉን ያውቀዋል፤ ወቅቱን ይጠብቃል፤ ሥሩን ይተዋል፤ በሚቀጥለው ጸደይ ተመልሶ ያየዋል። ነቃዩ የሚፈልገው መሬቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ በጦርነት ቤቱ የተቃጠለበትን፣ በግፍ ከቀዬው የተፈናቀለውን፣ በቤቷ ውስጥ የምትደበደበውን እናት “እግዚአብሔር እያጠራችሁ ነው” ብለን አናጽናና። የሰውን ክፋት በአትክልተኛው በአብ ላይ ማላከክ ስሙን በከንቱ መጥራት ነው። ሰው ሰውን ሲነቅል ዝም ብለን የምናይ ከሆነ ደግሞ ማጽናናታችን ከንቱ ይሆናል። ብራድፊልድን ያተረፉት ሰዎች መኪናው ሥራውን እስኪጨርስ አልጠበቁም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ስለ አጥር ነው። በመካከለኛው ዘመን የደን ባለቤቶች በደኑ ዙሪያ ቦይ ቆፍረው አፈሩን እንደ ካብ ይከምሩ ነበር፤ የዚህም ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። አዲስ የተቆረጠ ጉቶ የሚያወጣው ቀንበጥ ለስላሳ ስለሆነ ከብትና አጋዘን ይወዱታል። ሳይታጠር ከቀረ በአንድ በጋ ተበልቶ ያልቃል። ይህ በየጸደዩ ቢደጋገም ጉቶው ይደክምና ይሞታል። ዛሬም ሠራተኞቹ ክፍሉን ከቆረጡ በኋላ ቀንበጡን ከአጋዘን ለመከላከል ብዙ ይደክማሉ።

በየቁምስናችን መቁረጥን እናውቅበታለን። ያጠፋውን ወጣት እንገሥጻለን፤ በሽማግሌ ፊት እናቆማለን፤ ከመዘምራን እናስወጣለን። ተግሣጽ ራሱ ክፋት የለበትም፤ ቅዱሳት መጻሕፍትም ያዝዙታል። ነገር ግን ከተገሠጸ በኋላ በነበረው ሳምንት ማን ወደ ቤቱ ሄደ? አፍሮ ከቅዳሴ ሲቀር ማን ጠራው? ንስሐ ገብቶ በተመለሰ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲያንሾካሹኩበት ማን አጠገቡ ቆመ? ባሏን ቀብራ ለተመለሰችው ሴት ደግሞ እስከ ሦስተኛው ቀን ቤቷ ሙሉ ነው፤ ለቅሶኛው ሲበተን፣ ዕዳ ጠያቂና ወሬ ነጋሪ ሲመጣባት ማን አለላት? አዲስ የተጠመቁትም እንዲሁ ናቸው። ለጥምቀት በብዙ ድካም አዘጋጅተናቸው ከፋሲካ ሌሊት በኋላ ስማቸውን እንረሳለን። በእነዚህ ሁሉ ላይ ቀንበጡ ወጥቷል፤ የጎደለው አጥሩ ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በዚህ ሩብ ዓመት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ባለፈው ዓመት በቁምስናችሁ ከተገሠጹት፣ ካዘኑትና ከተጠመቁት መካከል የሦስት ሰዎችን ስም ጻፉ፤ ቤታቸውም ሂዱ። ለመምከር አትቸኩሉ። መጀመሪያ አብራችሁ ቡና ጠጡ፤ አብራችሁም ጸልዩ።

በመጨረሻ ስለ ደኑ ጠባቂዎች አንድ ነገር ላክል። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ባፈረሰበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1539 የበሪ ሴንት ኤድመንድስ ገዳም ተዘጋ፤ መነኮሳቱም ተበተኑ። ታላቁ ቤተ ክርስቲያናቸው ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ደናቸው ግን በየክረምቱ እየተቆረጠ፣ በየጸደዩ እያቆጠቆጠ ቀጠለ፤ ስማቸው ያልተጻፈ እንጨት ቆራጮች ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ አስተላልፈውታልና። አንድ ቆራጭ በዕድሜው ሙሉ አንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚቆርጠው። የተከለው ማን እንደ ነበረ አያውቅም፤ ከእርሱ በኋላ ማን እንደሚቆርጠውም አያውቅም። ካህን በማይደርስበት መንደር በዛፍ ጥላ ሥር ሕፃናትን የምታስተምሩ እናንተም እንዲሁ ናችሁ። ፍሬውን ሳታዩት ብትቀሩ ሥራችሁ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

ለእነዚያ ዛፎችም ሥጋቱ አላበቃም። የአሽ ዛፍን የሚያደርቅ በሽታ በእንግሊዝ መግባቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታውቋል፤ ከዚያም ወዲህ በመላው አገር እጅግ ብዙ ዛፎችን ጎድቷል። ጥቂቶቹ ግን በሽታውን ተቋቁመው ይታያሉ፤ ባለሙያዎቹም እነርሱን እየለዩ ይጠብቃሉ። ሺህ ዓመት የኖረ እንኳ በየዓመቱ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ይልቁንም የአምላክ መልክ ያለበት ሰው።

አባት ሆይ፣ በእጅህ የተቆረጥነውን አንተ ራስህ ጠብቀን። በግፍ የተነቀሉትን በምሕረትህ ዳግመኛ ትከላቸው። ለደካማው ቀንበጥ አጥር እንሆን ዘንድ ልብና ጉልበት ስጠን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ። አሜን።