ምሳህን ከማን ጋር በላህ?

ልጆቼ፣ ጳጉሜን ገባች፤ መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤቱ ደወል ይደወላል። ምዝገባው አልቋል፣ ዩኒፎርሙ በልክ ተስተካክሏል፣ ደብተሩም ተሸፍኗል። ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ከአፋችሁ ነጥቃችሁ ልጅ ለማስተማር የምትደክሙትን ድካም አያለሁና ፈጣሪ ዋጋችሁን ይክፈላችሁ። ዛሬ የማነሣላችሁ ግን ገበያ ወጥታችሁ ስለማትገዙት ነገር ነው። ልጃችሁ የትምህርት ቤቱን በር አልፎ ሲገባ "መጣህ?" የሚለው ጓደኛ አለው? አንድ ቀን ቢቀር "የት ሄዶ ነው?" ብሎ የሚጠይቅለት አለ? በዚያ ሰፊ ግቢ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ፣ ፊቱ ሲጠቁር የሚያስተውል አንድ ትልቅ ሰው ይገኛል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ልጅ "ትምህርት ቤቴ" ብሎ ከልቡ ካልጠራው ግቢ ውስጥ ፊደሉም ቁጥሩም አይገባውም።

በእኛ ዘመን ይህን መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። አንድ ሰፈር ተወልዶ አንድ ሜዳ ላይ የተጫወተ ልጅ ያው ተያይዞ ነው የሚማረው። ቄስ ትምህርት ቤት ሀ ሁ ስንቆጥር ከጎናችን የተቀመጠው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ቁርአን ቤት የገቡትም እንዲሁ። የኔታ ሥራ ቢይዛቸው ዳዊት የደረሰው ትልቁ ልጅ ፊደል የያዘውን ትንሹን ያስቆጥረዋል። ትንሹ የኔታን ቢፈራም የሚጠጋበት ታላቅ አያጣም ነበር።

ዛሬ ሰው ከሰፈሩ ተነሥቷል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እየተሠራ ስንቱ ቤተሰብ ከመሐል ከተማ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደ። ሌላው የቤት ኪራይ ሲወደድበት በየዓመቱ ዕቃውን ይጭናል። ሰላም አጥቶ ቀዬውን ጥሎ የመጣውም ብዙ ነው። አዋቂው መልቀቂያውን አውጥቶ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት አስመዝግቦ "ተገላገልን" ይላል። ልጁ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። ችግኝ ነቅሎ የሚተክል ገበሬ ሥሩን ከነአፈሩ ያነሣዋል፣ ጥላ ያበጅለታል፣ ጠዋት ማታ ያጠጣዋል፤ ቅጠሉ ቢጠወልግም ሥሩ እስኪይዝ ይታገሠዋል እንጂ በሳምንቱ ፍሬ አይጠይቀውም። እኛ በመስከረም አዲስ ቦታ የተከልነውን ልጅ ገና ኅዳር ሳይደርስ "ስንተኛ ነህ?" እንለዋለን።

ይህቺ "ስንተኛ ወጣህ?" የምትባል ጥያቄ ቤታችንን ሞልታዋለች። ካርድ በተሰጠ ቀን አጎት ይጠይቃል፣ አክስት ትጠይቃለች፣ ሱቅ በር ላይ የቆመው ጎረቤት ሳይቀር ይጠይቃል። 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው። የቀሩት 59 ልጆች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ቤት እንዲገቡ ነው የምንፈልገው? ውጤቱን አትጠይቁ አልልም፤ መጠየቅ ይገባል። ከእሷ በፊት ግን የምትጠየቅ ሌላ አለች። ምሳህን ከማን ጋር በላህ? እረፍት ላይ ከማን ጋር ተጫወትሽ? ስም እየጠራ የሚመልስላችሁ ልጅ ደህና ነው፤ ሒሳቡ ቢከብደው እንኳ ጊዜ ያስተካክለዋል። "ከማንም" ያላችሁ፣ ወይም ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ "ከልጆች ጋር" ብሎ ያለፋችሁ ልጅ ግን ካርዱ ላይ ቀይ እስኪታይ አትጠብቁት።

አባቶቻችን ዝም አይነቅዝም ብለዋል። ለአዋቂ ነው ያሉት፤ በጠብ መካከል አፉን ለሚሰበስብ፣ ነገር ከማባባስ ለሚቆጠብ ሰው። የልጅ ዝምታ ግን ይነቅዛል። ዘወትር ሰኞ ጠዋት ሆዱን እያመመው ቅዳሜ የሚሻለው ልጅ፣ ምሳ ዕቃው ሳይነካ የሚመለስ ልጅ፣ እርሳሱ በየሳምንቱ "የሚጠፋበት" ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ላለመግባት ስትል ቀኑን ሙሉ ውሃ የማትቀምስ ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ እየነገሩን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምታችኋል። ልጅ ግን የሚደብቀው ተንኮል ኖሮት ሳይሆን ስሙን ስለማያውቀው ነው። "ብቸኝነት በላኝ" አይላችሁም፤ "ሆዴን" ነው የሚላችሁ።

እንዴት እናናግረው ካላችሁኝ፣ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ እንደ መርማሪ አትያዙት፤ ይዘጋባችኋል። ምስር ስትለቅሙ አብሯችሁ ይልቀም፣ ጫማ ስትጠርጉ ብሩሹን ይያዝ። እጁ ሥራ ሲይዝ፣ ዓይኑ ከዓይናችሁ ሲያርፍ፣ አፉ ይፈታል። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ፤ ብስሉን ከጥሬው ለመለየት ደግሞ እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል። "ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት" የሚለውን ተረት እንደ ሕግ ይዘን ፊታችንን ያጠቆርን ወላጆች ሞልተናል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ተረት አልደግፈውም። ቤቱ ያልተሳቀለት ልጅ ውጭ ሲያስለቅሱት ለማን ይናገራል?

ማስለቀስን ካነሣን ዘንድ እዚህ ላይ ቆየት ልበል። ልጆች መበሻሸቃቸው ያለ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጽል ስም ሰማይ አይደፋም። ነገር ግን ያው ልጅ፣ በየቀኑ፣ በብዙ ልጆች ፊት፣ በአነጋገሩ ወይም በቁመቱ ወይም በጫማው የሚሳቅበት ከሆነ ጨዋታነቱ ቀርቷል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽበት የወረሳቸው ሰዎች፣ ሦስተኛ ክፍል የወጣላቸውን ስም ሲያነሡባቸው ድምፃቸው ሲለወጥ ሰምቻለሁ።

ልጃችሁ ተነክቶ ሲመጣ ደም ሥራችሁ እንደሚቆም አውቃለሁ። ቢሆንም በር ላይ ጠብቃችሁ የሰው ልጅ አታስፈራሩ፤ "አንተም መልስለት" ብላችሁም አትላኩት። መጀመሪያ የክፍል ኃላፊ መምህሩን አግኙ፣ ከዚያ በመምህሩ በኩል የዚያኛውን ልጅ እናት። "ልጅሽ ባለጌ ነው" ብሎ የጀመረ ሰው እርቅ አያገኝም፤ "ልጆቻችን አልተስማሙም፣ እንምከርበት" ያለ ያገኛል። የሚያስለቅሰው ልጅ እናት ከሆንሽ ደግሞ፣ ልጄ፣ ይህን ከልቤ ነው የምነግርሽ፤ ለልጅሽ ጠበቃ አትቁሚለት። ቤት ውስጥ ማን እንደሚያስፈራው፣ ከማን እንዳየው መርምሪ። ሌላውን የሚያስለቅስ ልጅም ብዙ ጊዜ የሚያስለቅሰው አለው።

ወደ መምህራን ልመለስ። በእኛ ባህል መምህር የቀለም አባት ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ ሰጥተን አናውቅም። ስንሰጠው ግን "ቅጣልኝ" እያልን አለንጋም አብረን አስይዘነው ነበር። ያ ጊዜ አልፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳና ጭካኔ ካለበት ቅጣት ነፃ እንደሆነ ደንግጓል። ሕግ ባይኖርም እንኳ፣ የሚፈራው ሰው ፊት የቆመ ልጅ ያልገባውን "አልገባኝም" አይልም፤ እየመታን የምናስተምረው መደበቅን ነው።

መምህሩ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ፣ በዚያች ደመወዝ፣ ከዚህ በላይ ሸክም አልጭንበትም። የምለምነው ጥቂት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት "አንተ ጥጉ ላይ ያለኸው" ማለት ቀርቶ ልጁ በስሙ ይጠራ። አዲስ የመጣው ልጅ ቦታ ተርፎ በተገኘበት ዴስክ ሳይሆን ሰው ከሚወድ ልጅ አጠገብ ይቀመጥ፤ ያ ልጅ ውሃውንም ሽንት ቤቱንም ያሳየው። ለኳስ ቡድን ሲመረጥ ልጆቹ እየመረጡ እየመረጡ ሁልጊዜ ያው ልጅ መጨረሻ እንዳይቀር፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር ይበቃል። የሰልፉን መዝሙር፣ የሚኒ ሚዲያውን ማይክ፣ የክፍል አለቃነቱን እነዚያው ሦስት ጎበዞች ብቻ አይያዙት። ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ ችግኝ የሚያጠጣ፣ ደብተር የሚሰበስብ ልጅ "ያለ እኔ አይሆንም" ብሎ ጠዋት ይነሣል። ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም።

አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ልጅም አለ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆች በየአካባቢያቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲማሩ ቆይተዋል። በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ወይም በትግርኛ ሦስትና አራት ዓመት የተማረ ልጅ ቤተሰቡን ተከትሎ አማርኛ ክፍል ሲገባ እጁን ባያወጣ ሰነፍ አትበሉት። በቋንቋው የሚያውቀውን ተረት እንዲያወራ ዕድል ስጡት፣ ልጆቹም ሁለት ሦስት ቃል ከእሱ ይማሩ። ያን ቀን እሱ አስተማሪ ሆኖ ይውላል። መስማት ስለተሳነው፣ ዓይኑ ስለደከመው፣ በክራንች ስለሚሄደው ልጅም ነገሬ ያው ነው። ልጅን ከወደዱ ከነንፍጡ ይባላል፤ ትምህርት ቤትም "ልጆቼ" ካለ የጎደለውንም የፈዘዘውንም አቅፎ ነው።

ስለ ምሳ የጀመርኩትን ልጨርስ። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን ቁርስና ምሳ ታበላለች። በዘመኔ ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ እኔ ልቤን ያሞቀኝ ይህ ነው። የታሰበው ባዶ ሆዱን ክፍል ለሚገባው ልጅ ነበር፤ ያመጣው ግን ከጥጋብም የሚበልጥ ነገር ነው። ድሮ ምሳ ያልያዘ ልጅ ሌሎቹ ሲበሉ ቧንቧ ጋ ሄዶ ውሃ ይጠጣል፣ ወይም የበላ መስሎ ሜዳ ላይ ይዞራል። አሁን ያለውም የሌለውም ከአንድ ድስት ይበላል፤ ማን ምን እንደያዘ የሚታይበት ነገር የለም። ምሳ ዕቃ በሚቋጠርበት ትምህርት ቤት ግን ልዩነቱ እዚያች ሳህን ላይ ይታያል። ስለዚህ ምሳ ዕቃውን ስትሞሉ ትንሽ አትርፉለት፤ "ለብቻህ አትብላ" በሉት። በሁዳዴ የሚጾም፣ በረመዳን ልጾም ብሎ ከታላቆቹ እኩል የሚሞክር፣ ምንም የማይጾም ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አሉ። እነዚህ ልጆች የአንዱን ፆም ሌላው እያከበረ አንድ ጥላ ሥር መቀመጥን ቤታቸው ካልተማሩ የትም አይማሩትም።

እኛስ? ወላጅ ትምህርት ቤት የሚታየው "ወላጅ አምጣ" ሲባል ብቻ ከሆነ ለልጁ የወላጅ መምጣት ውርደት ይሆንበታል። ጥፋት ሳይኖር ሂዱ። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ስለ መዋጮ ብቻ ተከራክራችሁ አትመለሱ፤ "ብቻቸውን የሚውሉ ልጆች እነማን ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ። አባቶች፣ ይህን ለእናቶች አትተዉት። በየፀሐዩ የምንቀመጥ ሽማግሌዎችም እንዲሁ፤ በጠዋት ልጆቹን ማሻገር፣ በእረፍት ሰዓት ግቢ ገብቶ ተረት ማውራት ለጉልበታችን አይከብድም፣ ርእሰ መምህሩም ቢጠየቅ እንቢ የሚል አይመስለኝም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልን አድገን፣ አዲስ ብሎክ የገባው ልጅ የማንንም በር ሳያንኳኳ ዓመት ሲሞላው ማየት ደግ አይደለም።

አሁን ከጳጉሜን የቀሩት ቀናት ጥቂት ናቸው። በደረጃችሁ ላይ፣ በግቢያችሁ ውስጥ እዚያው ትምህርት ቤት የተመዘገበ ልጅ ካለ ዛሬ ማታ እናቱን አናግሩ። ልጆቹ ከዕንቁጣጣሽ በፊት አንድ ከሰዓት አብረው ይጫወቱ፤ ብይም ይሁን ሱዚ፣ ኳስም ይሁን ሰኞ ማክሰኞ። ትምህርት በተከፈተ ቀን ጠዋት ሁለቱን አንድ ላይ ላኩ። ስትሸኟቸውም የዘበኛውን ስም ጠይቁ፣ የእናንተንም ልጆች ስም ንገሩት።